ሾላ በድፍን፤ የበለስና የሾላ ፍሬ አመራረጥ በቀራንዮ

በአማርኛ ስለ አንድ የፍሬ ወገን ሁለት የታወቁ አነጋገሮች አሉ። ያሰበው የተሳካለት ሰው «በለስ ቀናው» ይባላል። ነገሩ ሳይዘረዘር፥ ውስጡም ሳይገለጥ፥ እንዲያው በጥቅሉ ሲቀርብ ደግሞ «ሾላ በድፍን» ይባላል። የፊተኛው አነጋገር ዕድልን፥ የኋለኛው ጥንቃቄን ያመለክታል። ሁለቱን አቀራርቦ የተመለከተ ሰው የበለስ ወገን የሆነውን ፍሬ ስለ መምረጥ ሕዝቡ ያለውን ዕውቀት በአጭሩ ያገኘዋል። ይኸውም ፍሬው መልካም ሆኖ ቢገኝ ዕድል ነው፤ ሳይከፍቱ መቀበል ግን አላዋቂነት ነው ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ የሚከተለው ነው። የበለስ ወገን ፍሬ መልካምነቱም ሆነ ጉድለቱ በውስጡ የተሰወረ ነው። ስለዚህ መራጩ በውጭ የሚታዩትን ምልክቶች ማንበብ ይኖርበታል። ምልክቶቹም እንደ ፍሬው ዐይነት ይለያያሉ። ዛፉ ከሰው ዐይን በራቀ ቁጥር የምልክቱም ዕውቀት አብሮ ይርቃል፤ የሚቀረውም ስሙ ብቻ ነው።

ስለ ስፍራው

ቀራንዮ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል የሚገኝ ሰፈር ነው፤ ዛሬ የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማም በከፊል በእርሱ ስም ይጠራል። ስሙ ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዘ ነው። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው የራስ ቅል ማለት ነው፤ በወንጌልም ክርስቶስ የተሰቀለበት ስፍራ መጠሪያ ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት አዳም እንዳይበላ የተከለከለው ዕፅ «ዕፀ በለስ» ይባላል፤ በዕፀ በለስ የመጣው ሞት በቀራንዮ በዕፀ መስቀል ተሻረ ተብሎም ይሰበካል። እንግዲህ የሰፈሩ ስምና የፍሬው ስም በምእመናን ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የተገናኙ ናቸው።

ይሁን እንጂ በዛሬ ጊዜ በሰፈሩ የሚያድግ ልጅ «በለስ» ሲባል የሚታየው ዛፍ አይደለም። የሚታየው በክረምት ወራት በእጅ ጋሪ እየተጫነ በጦር ኃይሎች፥ በወይራ ሰፈር፥ በቤቴልና በዓለም ባንክ መንገድ ዳር የሚሸጠው ባለ እሾህ ፍሬ ነው። አባቶቹና እናቶቹ ግን ብዙዎቹ ከጉራጌ፥ ከወሎ፥ ከጎጃም ወይም ከሸዋ ገጠር የመጡ ስለ ሆኑ ሌላ በለስ፥ ሌላም ሾላ ያውቃሉ። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ በአንድ ቃል ሁለት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይታሰባሉ።

አንድ ስም፥ ሦስት ፍሬ

በለስ የግእዝ ጥንታዊ ቃል ነው። በየመን ዐረብኛም ያው ቃል ለዚያው ፍሬ ይነገራል። በትንቢተ አሞጽ ምዕራፍ 7 ቁጥር 14 ነቢዩ የቀድሞ ሥራውን ሲገልጥ በዕብራይስጡ የሚገኘው «ቦሌስ» የሚለው ቃልም ከዚሁ ሥር የወጣ መሆኑን የሴም ቋንቋዎች ሊቃውንት ያስረዳሉ። የነቢዩ ሥራ በሾላ ፍሬ ላይ የሚሠራ ሥራ ነበር፤ ምን ዐይነት ሥራ እንደ ነበረም ወደ ኋላ ይገለጣል።

የዕፅዋት ሊቃውንት ይህን ወገን «ፊኩስ» ይሉታል። በዓለም ላይ ከ750 የሚበልጡ ዐይነቶች አሉት። በኢትዮጵያ ታላቁ ዋርካ ፊኩስ ቫስታ ነው። ሾላ የሚለው ስም ፊኩስ ሲኮሞሩስንና ፊኩስ ሱርን በአንድነት ይይዛል። በመጽሐፍ ቅዱስ የሚነገረውና በሜዲቴራኒያን አገሮች የሚለማው በለስ ደግሞ ፊኩስ ካሪካ ነው። የእርሱ የቅርብ ዘመድ የሆነው ፊኩስ ፓልማታ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ዱር በቀል ሆኖ ይገኛል።

በጋሪ የሚሸጠው ፍሬ ግን ከዚህ ወገን አይደለም። እርሱ የቁልቋል ዐይነት ሲሆን በሊቃውንት ዘንድ ኦፑንቲያ ፊኩስ ኢንዲካ ይባላል። የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ነው፤ ወደ አሮጌው ዓለም የተሻገረው ከ1492 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ነው። በደረሰበት አገር ሁሉ የበለስን ስም ተቀብሏል። ኢጣሊያኖች የህንድ በለስ፥ ፈረንሳዮች የባርባሪ በለስ፥ የመኖች የቱርክ በለስ ይሉታል። በሐረርጌ «ቲኒ» ይባላል፤ ይህም በለስ ማለት ከሆነው «ቲን» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው። እንግዲህ የስሙ መቀላቀል የአዲስ አበባ ልጆች ስሕተት አይደለም፤ የብዙ ሕዝብ ልማድ ነው።

በአማርኛ ግን ሌላ መቀላቀል ተጨምሮበታል። ፍሬው «ቁልቋል» ተብሎም ይጠራል። የአገሩ ነባር ቁልቋል ግን ሌላ ተክል ነው። ሲቈረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ቆዳን የሚያቃጥል፥ ዐይንንም የሚጎዳ ነው። ስለዚህ ስሙን ብቻ ሰምቶ ወደ ማንኛውም ቁልቋል እጅን መዘርጋት አይገባም።

ባለ እሾሁ በለስ እንዴት ይመረጣል

ይህ ፍሬ ወደ ከተማ የሚመጣው በተለይ ከትግራይ ነው፤ ጊዜውም ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ክረምት ነው። ከተቈረጠ በኋላ ጣዕሙ አይሻሻልም። ጥሬውን የቈረጠ ሰው ለብዙ ቀን ቢያኖረው ይለሰልሳል እንጂ አይጣፍጥም። ስለዚህ እውነተኛው ምርጫ የሚደረገው በገበያ ሳይሆን በእርሻው ላይ በቈራጩ እጅ ነው። ቈራጩ ማለዳ፥ ጤዛው ሳይደርቅ ይሠራል፤ እርጥበቱ ደቃቁን እሾህ ከመብነን ይከለክለዋልና። ፍሬውንም ገንጥሎ አይወስድም፤ ከሥሩ ጥቂት አስከትሎ በስለት ይቈርጠዋል። የተገነጠለ ፍሬ በቍስሉ በኩል ቶሎ ይበሰብሳል።

ለገዢው የሚቀሩት ምልክቶች እነዚህ ናቸው። አንደኛው ቀለም ነው። አረንጓዴው ወደ ቢጫና ወደ ብርቱካን መልክ ይለወጣል፤ ወደ ቀይ የሚያደላም ዐይነት አለ። ነገር ግን ቀለም ብቻውን አይታመንም። ሁለተኛውና የተሻለው ምልክት አበባው የረገፈበት ራሱ ነው። በጥሬው ፍሬ ይህ ቦታ እንደ ስኒ የጎደጎደ ነው፤ ፍሬው እየበሰለ ሲሄድ ግን እየሞላ ይመጣና ለጥ ይላል። ሦስተኛው እሾሁ ነው። የበሰለው ፍሬ ደቃቅ እሾሁን በቀላሉ ይለቃል። አራተኛው ልጣጩ ነው። በጥሬው ላይ ተጣብቆ ይይዛል፤ በበሰለው ላይ ግን አንድ ጊዜ በቢላ ከተሰነጠቀ በኋላ እንደ ልብስ ይወልቃል። ሲዳሰስ ጠንከር ብሎ ጥቂት የሚበገር መልካም ነው። አንድ ጎኑ ብቻ የላመ ከሆነ በጭነት የተመታ ነው።

በዚህ ገበያ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ገዢው በእጁ አለመምረጡ ነው። እሾሁን ይፈራል። ስለዚህ ከሌላው የፍራፍሬ ገበያ በተለየ መንገድ ምርጫው ለሻጩ ይተዋል። አንዲት እናት «የኔ ልጅ፥ የበሰለ የበሰለውን አውጣልኝ» ትላለች፤ ወጣቱም «እሺ እናቴ» ብሎ ያነሣል። ሁለቱን ጫፍ ይቈርጣል፥ በቁመቱ ይሰነጥቃል፥ ልጣጩን በሁለት በኩል ይከፍታል። ገዢዋ ውስጡን ብቻ ታነሣለች። እንግዲህ ፍሬው የሚሸጠው ተከፍቶ ነው፤ በድፍኑ አይደለም። የደረቀ ወይም የኮመጠጠ ቢወጣ ወዲያው ይታያል፥ ሻጩም ሌላ ይከፍታል። የደንበኝነት መተማመን የሚመሠረተው በዚህ ነው። ፍሬው ግን ብዙ ጠንካራ ፍሬ ነገር ስላለው፥ ብዙ የበላ ሰው ሆዱ እንደሚደርቅበት መታወቅ አለበት።

እውነተኛው በለስ

ፊኩስ ካሪካ በከተማው ውስጥ አልፎ አልፎ በግቢ ይተከላል። ከሁሉ ይልቅ ምርጫ የሚፈልግ ፍሬ እርሱ ነው፤ ከዛፉ ከተለየ በኋላ አይበስልምና። ሙዝና ፓፓያ በቤት ሊበስሉ ይችላሉ፤ በለስ ግን እንደ ተቈረጠ ይቀራል። በስሎ ከተቈረጠም በኋላ ያለ ማቀዝቀዣ ከሁለትና ከሦስት ቀን በላይ መልካም ሆኖ አይቈይም። በዓለም ገበያ ከእርጥቡ ይልቅ ደረቁ በለስ የሚበዛው ስለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ምልክት አንገቱ ነው። ጥሬ በለስ በቅርንጫፉ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሲበስል አንገቱ ይላላና በክብደቱ ወደ ታች ያዘነብላል። ሁለተኛው ወተቱ ነው። ጥሬውን ሲቈርጡት ከአንገቱ ነጭ ወተት ይፈሳል፤ ይህም ከንፈርንና እጅን ያሳክካል። የበሰለው ይህን ወተት አያፈስም፥ ቢያፈስም ጥቂት ነው። ሦስተኛው ቆዳው ነው። ጥቃቅን ስንጥቅ የታየበት በለስ የተበላሸ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ቀጫጭን ስንጥቅ ሥጋው ከቆዳው በላይ መሙላቱን የሚያመለክት መልካም ምልክት ነው። አራተኛው በግርጌው ያለችው ዐይን ናት። በዚያች ላይ እንደ ማር ያለ ጠብታ ከታየ ጣፋጭነቱ የታወቀ ነው።

ቀለሙን በተመለከተ፥ በስሎ ጥቁር ሐምራዊ የሚሆን ዐይነት አለ፤ በስሎም አረንጓዴ ሆኖ የሚቀር አለ። ስለዚህ የዛፉን ዐይነት ያላወቀ ሰው በቀለም ቢመርጥ ይሳሳታል። አፍንጫ ግን አይሳሳትም። የበሰለው ማር ማር ይሸታል፤ ያለፈበት ደግሞ እንደ ጠጅ ጉሽ የኮመጠጠ ሽታ አለው።

ሾላና በውስጡ ያለው ነገር

«ሾላ በድፍን» የሚለው አነጋገር ወደ ዋናው ቁም ነገር ያደርሳል። የዚህ ወገን ፍሬ በሊቃውንት አነጋገር እውነተኛ ፍሬ አይደለም፤ አበቦቹን ወደ ውስጥ ያሸገ ከረጢት ነው። የሾላ አበባ በውጭ የማይታየው ስለዚህ ነው። መግቢያው በጫፉ ላይ ያለችው ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ናት።

በምሥራቅ አፍሪካ ወደ ሾላ የምትገባው ሴራቶሶለን አራቢኩስ የተባለች ደቃቅ ተርብ ናት። ስትገባ ክንፏ ይረግፋል። ከሌላ ሾላ ያመጣችውን የአበባ ብናኝ በውስጥ ትበትናለች፥ ዕንቍላሏን ትጥላለች፥ በዚያው ትሞታለች። ከሚፈለፈሉት ልጆቿ ክንፍ የሌላቸው ወንዶች ይቀድማሉ። እነርሱም ከሴቶቹ ጋር ከተገናኙ በኋላ የፍሬውን ግድግዳ ፈልፍለው መውጫ ይከፍታሉ። ሴቶቹ ብናኙን ይዘው በዚያ ይበራሉ። ሾላው የሚፋፋው፥ የሚለሰልሰውና የሚጣፍጠው ተርቦቹ ከወጡ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው።

ከዚህ የተነሣ የሾላ አመራረጥ ከሌሎቹ ይለያል። በጫፉ አጠገብ የምትታይ ትንሽ ቀዳዳ የጉድለት ምልክት ብቻ አይደለችም፤ ተርቦቹ መውጣታቸውንና ፍሬው ወደ መብሰል መድረሱንም ታመለክታለች። ነገር ግን በዚያችው ቀዳዳ ጉንዳንና ሌላ ነፍሳት ይገባሉ። ስለዚህ ምርጫው ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ ቀለሙ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫና ወደ ቀይ መዞሩ፥ ሲጫኑትም መላላቱ ይታያል። ወፎችና ጦጣዎች የሚሰበሰቡበት ዛፍ የደረሰ ፍሬ እንዳለው ይታወቃል። ቀጥሎ ፍሬው ለሁለት ይከፈላል፥ ውስጡ ይመረመራል፥ እፍ ይባላል፥ ይራገፋል፤ ከዚህ በኋላ ይበላል። ይህን ሥርዓት ያላየ ሰው አነጋገሩን እንደ ባዶ ፈሊጥ ይቈጥረዋል። ያየ ሰው ግን ምክሩ የጣት ሥራ ምክር መሆኑን ይረዳል፤ ይኸውም ክፈተው፥ ከዚያ ብላ የሚል ነው።

በግብፅ ስለ ምን ሾላ ይበጣ ነበር

ስለ ነቢዩ አሞጽ ሥራ የተነሣው ጥያቄ እዚህ ላይ መልስ ያገኛል። በግብፅና በፍልስጥኤም ሾላ ከጥንት ጀምሮ ይተከላል፤ ተርቢቱ ግን በዚያ አትገኝም። ስለዚህ ፍሬው ዘር አያፈራም፥ በራሱም በሚገባ አይበስልም። ገበሬዎቹ ግን መላ አገኙ፤ ጥሬውን ፍሬ በዛፉ ላይ እንዳለ በስለት ይበጡት ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ምዕት ዓመት የነበረው የግሪኩ ፈላስፋ ቴዎፍራስጦስ ይህ ፍሬ በብረት ካልተፋቀ እንደማይበስል፥ ከተፋቀ ግን በአራተኛው ቀን እንደሚበስል ጽፏል። የትንቢተ አሞጽ የግሪክ ትርጓሜም የነቢዩን ሥራ ሾላ መፋቅ ብሎ ይተረጕመዋል። የእስራኤል የዕፅዋት ተመራማሪ ያዕቆብ ጋሊል በ1968 (እ.ኤ.አ.) ስለዚህ ጥንታዊ ጥበብ ባሳተመው ጽሑፍ ነገሩን በሰፊው ገልጧል። ቍስሉ ፍሬው ኤቲሊን የተባለውን ጋዝ እንዲያወጣ ያደርገዋል፤ ጋዙም መብሰልን ያፋጥናል።

በኢትዮጵያ ተርቢቱ በዱር ስላለች ሾላን ለማብሰል መብጣት አያስፈልግም። በዚህ ምክንያት በሁለቱ አገሮች መካከል የዕውቀት ልዩነት ተፈጠረ። በግብፅ ብልሃቱ በማብሰል ላይ ነው፤ ፍሬው ከተበጣ በኋላ በድፍኑ ሊበላ ይችላል። በኢትዮጵያ ግን ዛፉ በራሱ ያበስላል፤ ብልሃቱ በመክፈትና በመመርመር ላይ ነው። አንዱ ዛፍ በሁለት አገር ሁለት ልዩ ጥበብ አስተማረ።

ይህን የተርብና የዛፍ ቃል ኪዳን አለማወቅ በሌላ አገርም ብዙ ድካም አምጥቷል። በካሊፎርኒያ የተተከለው የሰምርኔስ በለስ ተገቢው ተርብ እስከ ገባበት እስከ 1899 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ፍሬውን ሳያበስል ያረግፍ ነበር።

ስሙ ሲቀር

ቀራንዮ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ከፍታ አለው። ሾላ ይበልጥ የሚስማማው ከዚህ ዝቅ ያለው አገር ስለ ሆነ፥ ሰፈሩ ለዛፉ እንደ ዳርቻ ነው። በምዕራብ ሸዋ ኦሮሞ ዘንድ የዚህ ወገን ዛፎች ተለይተው ይታወቃሉ፤ ከእነርሱም ኦዳ የሸንጎና የእርቅ ዛፍ ሆኖ ይከበራል። የተከበረ ዛፍ አይቈረጥም፤ ያልተከበረው ግን ለቤትና ለመንገድ ቦታ ይለቃል። በአዲስ አበባ ምሥራቅ ሾላ ገበያ፥ በቀራንዮ በኩልም ወይራ ሰፈር የዛፎችን ስም ይዘው ይኖራሉ። በእነዚህ ሰፈሮች የሚያልፈው ሰው ግን ስሙን ይጠራል እንጂ ዛፉን እምብዛም አያይም።

ባለ እሾሁ በለስም ቢሆን ከአደጋ አልዳነም። ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ቀይ ቀለም ይወጣበታል ተብሎ ወደ ትግራይ የገባው ኮቺኒል የተባለ ነፍሳት ከቍጥጥር ውጭ ሆኖ በደቡብ ትግራይ ብዙ የቁልቋል ምድር አጥፍቷል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነትም መንገዱ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር። ለከተማው ሰው የክረምት መክሰስ የሆነው ይህ ፍሬ ለትግራይ ገበሬ አዲሱ እህል እስኪደርስ ድረስ የሚሻገርበት ምግብና ገቢ ነው።

የዛፉ መራቅ የሚጎዳው ምላስን ብቻ አይደለም፤ የመጻሕፍትንም ንባብ ይጎዳል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ቁጥር 32 ከበለስ ዛፍ ተማሩ ተብሎ የተሰጠው ምሳሌ የቅርንጫፉን መለስለስና የቅጠሉን ማቈጥቈጥ የዘመን መለወጫ ምልክት ያደርጋል። ፊኩስ ካሪካ በብርድ ወራት ቅጠሉን አራግፎ በሙቀት የሚያቈጠቍጥ ዛፍ ስለ ሆነ ምሳሌው የተስተካከለ ነው። በዐይነ ኅሊናው ቁልቋል የሚታየው አንባቢ ግን ምን ቅርንጫፍ ይለሰልሳል፥ ምንስ ቅጠል ያቈጠቍጣል? ዘኬዎስ የወጣበት ሾላም እንዲሁ ነው። ቅርንጫፎቹ ከግንዱ ዝቅ ብለው የሚወጡ ሰፊ ዛፍ መሆኑን ያየ ሰው፥ አንድ አጭር ሰው እንዴት ፈጥኖ እንደ ወጣበት ለመረዳት ትርጓሜ አያስፈልገውም።

ማጠቃለያ

እንግዲህ የሦስቱ ፍሬዎች አመራረጥ በአጭሩ ይህ ነው። ባለ እሾሁን በለስ በራሱ መሙላት፥ እውነተኛውን በለስ በአንገቱ ማዘንበል፥ ሾላን ግን ከፍቶ በማየት ነው። በሦስቱም ዘንድ ቀለም ረዳት ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። በለስም ባለ እሾሁም ከተቈረጡ በኋላ ስለማይሻሻሉ፥ ገዢው የሚያገኘው መልካም ነገር ሁሉ ቈራጩ አስቀድሞ የታገሠው ትዕግሥት ነው።

ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ የተጻፈ አልነበረም። ከእናት ወደ ልጅ፥ ከእረኛ ወደ እረኛ በዛፍ ሥር ይተላለፍ ነበር። በቀራንዮ ዛሬም ይህን ዕውቀት ከገጠር ይዘው የመጡ ሽማግሌዎችና እናቶች አሉ። የሦስቱን ፍሬዎች ልዩነት ከእነርሱ አፍ መስማትና ለልጆች ማሳየት፥ በትምህርት ቤትና በቤተ ክርስቲያን ግቢም አንዳንድ የሾላና የበለስ ችግኝ መትከል ከባድ ሥራ አይደለም። ካልተደረገ ግን ቃሉ በመዝገበ ቃላት ይኖራል፥ ሰውም ይናገረዋል፤ ነገር ግን የራሱን ቋንቋ በድፍኑ ይቀበላል ማለት ነው።